በስውር ያጠበብኩት ኪልት

ኪልቱ እኛ ቤት የገባው በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ነው። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ፌስታሉን ሶፋው ላይ ጣል አደረገና «ነይ እስኪ፣ ልብስ ሰፊ ነሽ አይደል? ይሄን ዓይነት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አውጥቼ ዘረጋሁት። የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ኋላው ሽንሽን የሆነ፣ ጉልበት ላይ የሚያበቃ የሱፍ ጉርድ ነው። ጥቁር አረንጓዴና ሰማያዊ ካሬ ካሬ አለበት። ሲያነሱት እንደ ብርድ ልብስ ይከብዳል። ልጃችን ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከክፍሏ ብቅ ብላ አየችውና «ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ፣ ኖ» ብላ በሩን ዘጋች።

ባለቤቴ ቱክዊላ በምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳ ነበር። ልጅ ሆኖ አገር ቤት በትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ ይመታ ስለነበር እጁ አርፎ አያውቅም። ጠረጴዛም ይሁን የመኪና መሪ፣ ያገኘውን ይደበድባል። ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶን ሲመታ የሰሙት አንድ አዛውንት የሥራ ባልደረባው ናቸው። አያቶቻቸው ከስኮትላንድ የመጡ ናቸው። ባግፓይፕ የሚባለውን፣ ከረጢቱን ብብት ሥር ይዘው የሚነፉትን መሣሪያ ይጫወታሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለማመድ ትንሽ ባንድም ይመራሉ። ትልቁን ከበሮ የሚመታላቸው ሰው ወደ ሌላ ስቴት ሄዶባቸው ኖሮ ባለቤቴን ጋበዙት። እሱም እስኪ ልየው ብሎ ሄደና ከበሮውን ተሸክሞ ቀረ።

ኪልቱ የባንዱ ነው፣ በፊት የነበረው ከበሮ መቺ የለበሰው። ባለቤቴ ግን ትልቅ ሰው ነበር፤ ቁመቱም ጎኑም። ወገቡ ላይ ጠቅልሎ ማሰሪያውን ወደ ዘለበቱ ቢጎትተው በመሐል አንድ መዳፍ ያህል ቀረው። ትንፋሹን ውጦ ሞከረ፣ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።

እኔ ዋይት ሴንተር በሚባል ሰፈር አንዲት ትንሽ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የሙሽራ ቀሚስ ማስፋት የዘወትር ሥራዬ ነው። ኪልት ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። አዛውንቱ ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጥተው አሳዩኝ።

«መቀስ እንዳታስጠጊበት» አሉኝ። «ጨርቁ ሁሉ ሽንሽኑ ውስጥ ነው ያለው። የለበሰው ሰው ሲወፍር ከሽንሽኑ ትለቂለታለሽ፣ ሲቀጥን ወደ ሽንሽኑ ታስገቢለታለሽ።»

«ዘለበቱን ብቻ ባዛውረውስ?» አልኳቸው።

«ለአንድ ጣት ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ግን የፊቱ ወደ ጎን ይሄድና ሽንሽኑ ቦታውን ይለቃል። የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ያየዋል።»

ከወገብ እስከ ዳሌ የተሰፋውን በሙሉ ተረተርኩት። ሃያ ስድስት ሽንሽን አለው። ከእያንዳንዱ የስንዴ ፍሬ ያህል ስለቅ ወገቡ ላይ ሲደማመር አራት ጣት ይሆናል። አስቸጋሪው ካሬዎቹን ሳላዛንፍ ማገጣጠሙ ነበር፤ አንዱ መስመር ከሳተ የኋላው ሁሉ ይበላሻል። በእጅ ነው የሰፋሁት። ሳምንት ፈጀብኝ። ሲለብሰው በአምስቱ የማሰሪያ ቀዳዳዎች መሐል ሦስተኛው ላይ ልክ አለ።

«አየሽ፣ መሐል ላይ ነኝ» አለና በመስታወቱ ፊት እንደ ልጅ ተሽከረከረ።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ አልዘገየም። አንድ ሽማግሌያችን ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብለው «ወንድሜ፣ ቀሚስ ለበስክ የሚሉት እውነት ነው?» አሉት።

«ቀሚስስ አይደለም ጋሼ፣ ጉርድ ነው» አላቸው። እሳቸው እንኳ መሳቃቸውን መደበቅ አልቻሉም።

በዚያ በጋ ባንዱ ለበዓል ሰልፍ ሲወጣ መንገድ ዳር ቆሜ አየሁት። በነጫጮቹ ሰዎች መሐል ብቸኛው ጥቁር እሱ ነው። ከበሮውን ደረቱ ላይ አንግቶ፣ ሽንሽኑ ከኋላው በየእርምጃው ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ሲያልፍ ሰው ያጨበጭባል። አልመጣም ብላ የነበረችው ልጄ ከጎኔ ቆማ በስልኳ ትቀርጸው ነበር። ያን ቀን ያየሁት ደስታ ፊቱ ላይ አሁንም አለ፤ ቪዲዮውን ከፍቼ አየዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከገና በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለልምምድ ሲለብስ ማሰሪያው አራተኛው ቀዳዳ ላይ ገባ። ቆም ብሎ አየው።

«ሱፍ ይለጠጣል አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ይለጠጣል» አልኩት።

የማይለጠጥ ሱፍ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ ፊቱን ሲላጭ አንገቱ ላይ ቆዳው መላላቱን አይቻለሁ። ሐኪም እንይ ብዬ ሁለት ጊዜ አንስቼበት ነበር። መጀመሪያ ቀለደ፤ ሁለተኛው ጊዜ ተቆጣና ሦስት ቀን እራቱን መኪና ውስጥ በላ። አባቱ አገር ቤት ቀጥነው ቀጥነው ነው የሞቱት። ሱሪያቸው አልቆም ብሎ በገመድ ሲያስሩት፣ በኋላም ገመዱን እንደገና ሲያጠብቁት እያየ ነው ያደገው። ስለዚህ «ቀጥነሃል» የሚለውን ቃል መስማት አይችልም። በሱ ቤት የሰው ውፍረት ጤና ነው።

እኔም ሰላም ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት ልስጥ ብል ውሸት ይሆናል። ሰኞ ኪልቱን በትልቅ ቦርሳ ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በምሳ ሰዓቴ ሱቁ ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ ከእያንዳንዱ ሽንሽን ትንሽ ትንሽ እያስገባሁ አጠበብኩት። ዓርብ ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሼ ሰቀልኩት። ቅዳሜ ለበሰ፣ ማሰሪያው ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ገባ።

«ተመለሰ እኮ!» አለ።

«በእንፋሎት ተኩሼው ነው» አልኩት።

ፊቱ እንዴት እንደበራ! ያን ቀን እንቁላል ፍርፍር ሠራሁለት፣ ግማሹን በላ፤ ደስ አለኝ። በጸደይ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በጋው ሊገባ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ አጠበብኩት። እጄ እየለመደ፣ ሥራው እየፈጠነልኝ ሄደ። እያንዳንዱን ጊዜ የመጨረሻው ነው እላለሁ። ሥራ በዝቶበት ነው፣ ሺፍቱ ተቀይሮ ነው፣ በጾም ጸሎቱ ሳምንት የቀነሰው ነው እያልኩ ለራሴ ምክንያት እደረድራለሁ።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ነርስ የሆነች አንዲት እህት እጁን ይዛ አስቆመችው። «ወንድሜ፣ በጣም ቀንሰሃል። ቼክ አፕ አድርገሃል?»

«የኔ እህት፣ ኪልቴ አምና በተቆለፈበት ቀዳዳ ነው ዛሬም የሚቆለፈው። ካላመንሽ ሚስቴን ጠይቂያት፣ የልብስ ነገር የሷ ሥራ ነው።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ነርሷ መልሴን እየጠበቀች ነበር። ያኔ ልናገር እችል ነበር። ልጃችን አጠገባችን ቆማለች፣ ሰዎች ሰላም ሊሉን እየመጡ ነው።

«አዎ፣ ልኩ ነው» አልኩ።

በሐምሌ ሰልፍ ላይ ሩቡን መንገድ ሳይሄድ ከበሮውን አውርዶ አስፋልቱ ዳር ተቀመጠ። ባንዱ ያለ ከበሮ አለፈ። አዛውንቱ ግን መሣሪያቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ተመለሱና እኔ እስክደርስ አብረውት ተቀምጠው ጠበቁኝ። ከዚያው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ኪልቱን እንደለበሰ።

ከብዙ ምርመራ በኋላ ቆሽቱ ላይ ነቀርሳ እንዳለ፣ ወደ ጉበቱም እንደተዛመተ ነገሩን። ዶክተሯ ወጣት ነበረች። ወንበሯን አስጠግታ «ክብደት መቀነስ የጀመርከው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ሁለት ወር ይሆናል» አለ።

«ሰባት ወር» አልኩ እኔ።

ዞሮ አየኝ። ልጃችንም አየችኝ። ዶክተሯ የነገርኳትን ጻፈችና ሌላ ጥያቄ ቀጠለች።

በኋላ ኮሪደር ላይ ብቻዋን ጠብቄ ጠየቅኳት። «በመጀመሪያው ወር ብናመጣውስ ኖሮ?»

«የዚህ በሽታ ነገር አስቸጋሪ ነው። ለውጥ ያመጣ ነበር ብዬ ልነግርሽ አልችልም፤ አያመጣም ነበር ብዬም ልነግርሽ አልችልም» አለችኝ። ልታጽናናኝ ብትዋሽ ይሻለኝ እንደነበር ያኔ አሰብኩ። አሁን ግን ባለመዋሸቷ አመሰግናታለሁ፤ በቤታችን በቂ ውሸት ነበረ።

ቤት ከተመለስን ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖናል። ልጃችን ትምህርት ቤት ናት። እሱ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ እኔ ሾርባ እያበረድኩለት ነው።

«አንቺ ነበርሽ አይደል?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ኪልቱን።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። «መቼ አወቅህ?»

«ሁለተኛው ጊዜ ላይ። የድሮው ክር ደብዝዟል፣ አዲሱ ያብረቀርቃል። ገልብጬ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ካላነሳሽው ምንም የለም ማለት ነው ብዬ።»

ተናደድኩ። ይህን የምጽፈው ራሴን ደግ ለማስመሰል አይደለምና ልናገረው፤ የታመመ ሰው ላይ ጮህኩ። እያወቅህ ያን ሁሉ ሳምንት ምሳዬን ትቼ ስሰፋ ዝም ትለኝ ነበር ወይ፣ ነርሷ ፊት እኔን ምስክር አድርገህ ያቆምከኝ እያወቅህ ነው ወይ አልኩት። እሱም በቀረው ድምፅ መለሰልኝ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ እሄድ ነበር።»

ሾርባው በረደ። ልጃችን ልትመጣ ስትል፣ በሩ ላይ ቁልፍ ሲዞር፣ ፈጠን ብሎ እጄን ያዘና «ውሸቴን ነው፣ አልሄድም ነበር» አለኝ። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለተኛውን ለኔ ብሎ እንደተናገረው እጠረጥራለሁ።

በመስከረም መጨረሻ ልምምድ ላይ አንድ ጊዜ መገኘት ፈለገ። «ግን በሱሪ አልሄድም» አለ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪልቱን በግልጽ ለካሁለት። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፣ እኔ ከኋላው ተንበርክኬ ስፒል በአፌ ይዤ ሽንሽኖቹን አጠጋጋሁ። የዳሌው አጥንት እጄ ላይ ይቆረቁራል። ሽንሽኖቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ካሬዎቹ ጠፉ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴው አልገጥም አለ። ከዚህ በላይ የሚገባ አልነበረም።

«ተበላሸ አይደል?» አለኝ ሳይዞር።

«አዎ፣ መስመሩ ጠፍቷል። ከኋላ ያስታውቃል።»

«ችግር የለም፣ ቁጭ እላለሁ» አለ።

ልጃችን ሳሎኑ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። መጥታ ክንዱን ደገፈችው። ስፒሎቹን ከሣጥናቸው አንድ በአንድ እያወጣች ታቀብለኝ ጀመር።

ልምምዱ የሚደረገው አንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወንበር አስቀመጡለት፣ ከበሮውን ማስቀመጫ ላይ አደረጉለት። አንድ ዜማ ብቻ ነው የመታው፣ ቀስ ያለ። መሐሉ ላይ ምቱ ዘገየ፤ አዛውንቱ በዓይናቸው ምልክት ሰጡና ነፊዎቹ ሁሉ ፍጥነታቸውን ቀንሰው በሱ ምት ሄዱ። ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ኮታቸውን ለብሰው አንድ በአንድ እየመጡ ትከሻውን ነካ እያደረጉት ወጡ።

በኅዳር አረፈ። ቤታችን በሰው ተሞላ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ምግብ እያመጡ፣ እየዘመሩ፣ እየጸለዩ አብረውን ሰነበቱ። ያቺ ነርስም መጣች። አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች፤ ስለዚያ እሑድ አንድ ቃል አላነሳችም። ብታነሳ ይቀለኝ ነበር። ባለቤቴ በግራጫ ሱፉ ተቀበረ። ኪልቱ የሱ አልነበረምና።

አዛውንቱ ስለ ኪልቱ ስድስት ወር አልጠየቁኝም። በግንቦት ኮል አደረጉልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ነገሩ ስለገባኝ እኔው ቀደምኳቸው።

«አዲስ ከበሮ መቺ አገኛችሁ?»

«አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር አለች» አሉኝ በሐፍረት። «ግን ኪልቱን ማስቀረት ከፈለግሽ ሌላ እንፈልጋለን። እውነቴን ነው።»

አንድ ሳምንት ስጡኝ አልኳቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መተርተር ጀመርኩ። የመጨረሻው ስፌት ረጃጅምና ጠማማ ነው፣ በችኮላ የሰፋሁት። ከሥሩ የበጋው መጀመሪያ አለ፣ በጥቁር ክር። ከዚያ የጸደዩ። ከዚያ ከገና በኋላ የመጀመሪያው፣ በጣም የተጠነቀቅኩበት፣ ጥቃቅን። እያንዳንዱን ስፈታ ወገቡ እየሰፋ መጣ። ስጨርስ ማሰሪያውን በዘለበቱ ቆልፌ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ሱፉ ወፍራም ስለሆነ ራሱን ችሎ ቆመ። ባለቤቴ ደህና በነበረበት ጊዜ ልኩ ያ ነበር። ሁለት እጄን ዘርግቼ አቀፍኩት፤ እጆቼ በሌላው በኩል አልተገናኙም። በሽታው ገና ሳይገባ እንዲህ ነበርን። ልጄ ከክፍሏ ወጥታ እንደዚያ ሆኜ አገኘችኝ። «ማሚ» አለችና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ ድረስ ከጨርቁ ላይ ቁርጥራጭ ክር ስንለቅም ቆየን።

ሾፌሯ ልትለካ ሱቅ መጣች። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም። ወገቧ ከሱ ስለሚያንስ እንደገና ማጥበብ ነበረብኝ። ሜትሩን ስዞርባት «ሌላ ሰው ቢሠራው ይሻልሽ ነበር?» አለችኝ።

«አይ፣ ሽንሽኑን የማውቀው እኔ ነኝ» አልኳት።

ጥሩ አድርጌ ሰፋሁላት። ሰልፉን ግን ሄጄ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዞኛል። ሰው አንድ ጊዜ ሱሪውን አስጠብቦ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ሊያስጠብብ ሲመጣ እጠይቃለሁ። «ሆን ብለህ ነው የቀነስከው? ሐኪምስ አይቶሃል?» እላለሁ። አንዳንዱ ስፖርት ጀምሬ ነው ብሎ ደረቱን ይነፋል። አንዷ የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰደች እንደሆነ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አንድ ሰውዬ ግን ተቆጥቶ ለአሠሪዬ ከሰሰኝ። አሠሪዬ ጨዋ ሴት ናት፤ ጓዳ ጠርታ «ሰው ልብሱን እንጂ ገላውን አላመጣልንም» አለችኝ። ልክ ናት። ኦኬ አልኳት። ግን አልተውኩም።

ባለፈው ወር ባልና ሚስት መጡ። ሰውዬው ሃምሳ ያለፉት ይመስላል፤ ሦስት ሱሪ ይዘዋል። የምታወራው ሚስትየዋ ናት፣ እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ። ስፒሉን ስሰካ ሚስትየዋ ዓይኔን ይዛ ራሷን «ተይ» በሚል በትንሹ ነቀነቀችብኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ከማንም በላይ ይገባኛል።

ቢሆንም ጠየቅሁት። ሰውዬው ፊቱን ሳያዞር «ደህና ነኝ» አለ። ሴትየዋ ደረሰኙን ከእጄ ነጥቃ ወጣች።

ሱሪዎቹን ልትወስድ በሳምንቱ ብቻዋን መጣች። አጣጥፌ ሰጠኋት። ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ትንሽ ቆመች፣ ልትናገር ይመስል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አመሰግናለሁ ብላ ሄደች።